ሁሴን በጆንያዎቹ ዝርዝር ውስጥ

ጅቡቲ ወደብ ሥራ የጀመርኩ ቀን እንግሊዝኛዬ ከሰው ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። የተቀጠርኩት ከመርከብ ሲወርድ ስለተበላሸ ዕቃ ሪፖርት የሚጽፍ ቢሮ ነው። አለቃዬ እትዬ ጸሐይ ይባላሉ፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ።

"ዕቃ ሲጎዳ ዳሜጅ ብለህ ጻፍ። ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ የተጎዳበትን ቦታ" አሉኝ። ይሄ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ ብዬ ናቅሁት።

ረፋዱ ላይ የክሬን ገመድ ተበጥሶ የስንዴ ጆንያ ተዘረገፈ። ሁሴን የሚባል የባልባላ ሰፈር ሰው፣ ጫኝና አውራጅ፣ እግሩ ከጆንያው ሥር ቀረ። ወደ ክሊኒክ ወሰዱት። እኔም ቅጹን ሞላሁ፦ ጆንያ፣ አሥራ አራት፣ የተቀደደ። ገመድ፣ አንድ፣ የተበጠሰ። ሠራተኛ፣ አንድ፣ ቀኝ እግር።

እትዬ ጸሐይ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንተ ልጅ፣ ሁሴን ጆንያ ነው?"

"ቅጹ ሌላ ቦታ የለውም" አልኩ።

"ቅጹ ባይኖረው ወረቀት ጠፋ? በዚህ ከሄደ መርከቡ ለዕቃው ብቻ ኃላፊነት ወስዶ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። ሁሴንን ማን ያሳክመዋል?"

ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ። ሁሴንን ራሱን ጠየቁ፣ ሐኪሙን ጠየቁ፣ ከዚያ ነጭ ወረቀት አውጥተው እየጻፉ አስተማሩኝ። ዕቃ ሲሆን ዳሜጅ፤ ሰው በአደጋ ሲጎዳ ኢንጀሪ፤ በጥይት ወይም በስለት ሲሆን ውንድ፤ ሕመሙን ለመናገር ሃርት። ሃርም ደግሞ ሰፊ ነው፤ ጤናንም ስምንም ይነካል። እኛ "ጎዳ" ብለን የምናልፈውን እንግሊዝኛው እንዲህ ለየብቻው ማስቀመጡ አስደነቀኝ። የበለጠ ያስደነቁኝ ግን እሳቸው ናቸው፤ ሰውየውን ሳያዩ አንዱንም ቃል አልመረጡም።

መርከቡ ላይ ወጣን። ካፒቴኑ ወረቀቱን አየና "እግሩን ትንሽ አመመው እንጂ ምን ሆነ? ሃርት ብንለው ይበቃል" አለ።

እትዬ ጸሐይ የሐኪሙን ማስረጃ ዘረጉ። "አጥንቱ ተሰብሯል። ኢንጀሪ ነው። ሳይፈረም ከዚህ አልወርድም።"

ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ፤ ፈረመ። እንደዚያ ቀን ሰው አድንቄ አላውቅም።

ከወራት በኋላ ሁሴን እያነከሰ ቢሮ መጣ። "ስለ እኔ የተጻፈውን አንብብልኝ" አለኝ። አነበብኩለት።

"ስሜ ያለበትን ድገመው።"

ደገምኩለት።

አሁን አለቃ ነኝ። አደጋ ሲደርስ ሰው የራሱ ወረቀት አለው፤ መጀመሪያ የሚጻፈውም እሱ ነው። የጆንያው በኋላ ይደርሳል።