የበየድኩት መደገፊያ ሲፈተን

ብየዳዬን ሰው ሲጠራጠርብኝ ደሜ ይፈላል። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ላለ የሐበሻ ምግብ ቤት የደረጃ መደገፊያ ብረት በይጄ ስጨርስ የከተማው የግንባታ ኢንስፔክተር ሊያጣራ መጣ፤ አንዴ ነቅነቅ አደረገውና "ኦኬ" ብሎኝ ሄደ። ያቺው የአንዴ ንቅነቃ እንኳ አናደደችኝ።

ዕቃዬን ሳልሰበስብ ሁለት ሽማግሌዎች ለምሳ መጡና ደረጃው ሥር ቆሙ።

"ይቅደሙ።"

"ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!"

"ታላቄ እያሉማ አልቀድምም!"

ታላቅየው ሳቅ እያሉ ጓደኛቸውን ከኋላ መግፋት ጀመሩ። ጓደኛቸው አዲሱን ብረት በሁለት እጃቸው ጨምድደው እምቢ አሉ። አንዱ ይገፋሉ፣ ሌላው እንደ ሕፃን ብረቱ ላይ ይንጠለጠላሉ። የብየዳ ጭንብሌን እንዳቀፍኩ በሳቅ ፈነዳሁ። ከኋላቸው የራበው ሰው ሁሉ ተሰልፏል። ብረቴ ንቅንቅ አላለም፤ የተንጠለጠሉበት ሽማግሌም እንደዚያው።