ሽቅብ ብቻ የምትሞከር መኪና

መኪናዬ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ሞተሯ ይጮሃል። እኔ ላቆማት ስታገል እሷ ነዳጅ የተረገጠላት ይመስል ወደፊት ትገፋኛለች። ሆሳዕና ያለው መካኒኬ ጋራዡ ሜዳ ላይ ስለሆነ በሽታዋን አይቶት አያውቅም። አብረን ቁልቁለት እንውረድ ስለው፣ "መምህር፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ ፈሪው እርስዎ ነዎት" ይለኛል። እሱ ግን አንድም ቀን አብሮኝ አልወረደም። ሜዳ ላይማ ማን ጀግና ያልሆነ አለ!

ሲሰለቸኝ ልሸጣት ወሰንኩ። ገዢ የተገኘው ዶዮገና ነው፤ አንድ የድንች ነጋዴ። ከቤቱ ወደ ገበያ ለመሄድ ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። ይህን እያወቅሁ ሙከራውን ከገበያው ወደ ቤቱ ሽቅብ ብቻ አስነዳሁት። ሰውዬው ቀለሟን በመዳፉ እያሻሸ ሲያደንቅ፣ "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" እያልኩ በሆዴ ሳቅሁበት። የማስተምረው ሥነ ምግባር ነው፤ አትሳቁ።

በዋጋ ተስማምተን ተጨባበጥን። ልሄድ ስነሳ ነጋዴው መንገድ ዘጋብኝ።

"እንግዳ ከቤቴ በእግሩ አይወጣም! ታች መናኸሪያ ድረስ ሳልሸኝዎት አይሄዱም።"

"አይቸገሩ፣ በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል" ብዬ ለመንኩት። ማን ሰምቶኝ! እናቱ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ አዲሷን መኪና ሊያዩ ከኋላ ታጨቁ። ሲሳፈሩ እያየሁ ዝም አልኩ። እኔን በክብር ጋቢና አስገብቶ በሩን ሲዘጋብኝና ሞተሩን ሲያስነሳ ግን አፌ ተከፈተ።

"ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ሞተሯ ይጮሃል፤ እሺ ብላ አትቆምም" አልኩት፣ ጉልበቴን እያየሁ።

ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ልጆቹን አንድ በአንድ አወረደ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያም ሆኖ እውነቱን በመናገሬ ትንሽ ኮራ ማለት ጀምሬ ነበር። በመጨረሻ የወረዱት እናቱ ወደ እኔ መስኮት ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ አንተ ባትሳፈርስ ኖሮ?"

ቁልፉን ተቀብዬ ቁልቁለቱን ብቻዬን በአንደኛ ማርሽ ወረድኩ፤ እነሱም መንገዱ ዳር ቆመው ከዓይናቸው እስክጠፋ ሸኙኝ።