ከማጥ ያወጣኝ ቃሬዛ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ቡሬ አጠገብ ነው። የሰማ ሁሉ "እንኳን ተረፍክ" ይለኛል። እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የተረፍኩበት መንገድ ነው።

ቤቴ ፍኖተ ሰላም ነው። ሥራዬ ሹፌርነት ነበር፤ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ስነዳ ነው ያረጀሁት። በዚያ መንገድ ክረምት ሲወጣ ሜዳው ውኃ ያቁራል። ወፉም ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ መጥቶ ይሞላዋል። እኔ በመስታወት እያየሁ አልፋለሁ። ተሳፋሪ ጭኖ ወፍ ለማየት የሚቆም ሹፌር የለም። "ጡረታ ስወጣ እዚህ ወርጄ እስኪበቃኝ አያለሁ" እያልኩ ዕድሜው አለቀ።

ጡረታ ስወጣ ቀድሞ የመጣው ድካሙ ነው። ስሠራ የት ተደብቆ እንደነበር አላውቅም። ወገቤ፣ ጉልበቴ፣ ትከሻዬ ሁሉም ባንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ጠዋት ተነሥቼ፣ ልብሴን ለብሼ፣ በር ላይ ቁጭ እላለሁ። የምሄድበት የለም።

ልጄ ፎቶ ቤት ነበራት። ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ዘጋችው። አንድ ቀን ትልቁን ካሜራ ከነረጅም ሌንሱ ይዛልኝ መጣች። "አባዬ፣ አቧራ ከሚበላው ወፎችህን አንሳበት" አለችኝ። ባለቤቴ ሰምታ በጣም ሳቀች። "ሰው ሲያረጅ ዳዊት ይደግማል፤ የኔው ሽማግሌ ወፍ ያባርራል!"

እውነትም መጀመሪያ ላይ ማባረር ነበር። ያነሳሁት ሁሉ ወይ ብዥ ያለ ነው፣ ወይ ወፉ ከሄደ በኋላ የቀረው ቅርንጫፍ። ቢሆንም ጠዋት የምሄድበት አገኘሁ። ውኃ ዳር ተቀምጬ ስጠብቅ ድካሙ ባይለቀኝም ዝም ይልልኛል።

በዚያ በጥቅምት ለዘመድ ተዝካር ቡሬ ታላቅ እህቴ ቤት ሄጄ ሳለ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ሰሞን መንገድ ዛሬ ይዘጋል፣ ሌላ ቀን ይከፈታል። ሰውም ለምን ብሎ መጠየቁን ትቶ መጠበቁን ለምዶታል። እኔም እህቴ ቤት መጠበቅ ያዝኩ። መቀመጡ ሲያንገሸግሸኝ አንድ ቀን ማለዳ ካሜራዬን አንግቼ ከከተማው በታች ወዳለው ጨፌ ልወርድ ተነሣሁ።

እህቴ በር ላይ ያዘችኝ። "በዚህ ጊዜ ካሜራ አንጠልጥለህ? ሰው ሰላይ ነው ይለኛል አትልም?"

"እኔን ሽማግሌውን ማን ልብ ይለኛል" ብዬ ወጣሁ።

ጨፌው ረግረግ ነው። ዳር ዳሩን ከብት ይግጥበታል፤ መካከሉ ፊላ የበቀለበት ውኃ ነው። በዚያ ቀን ከብትም እረኛም አልነበረም። ሰው ከቤቱ የማይርቅበት ጊዜ ነበር። ከፊላው አጠገብ እነዚያን ረጃጅም ወፎች አየኋቸው፤ ጭንቅላታቸው ላይ ወርቅ የመሰለ ላባ እንደ ዘውድ የቆመላቸውን። ባልና ሚስት ናቸው። መካከላቸው ገና ላባው ያልጠና ጫጩት አለ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እየዘለሉ፣ አንገታቸውን ሰበር ቀና እያደረጉ ይጨፍራሉ። ስንት ዓመት በመስታወት ያየኋቸው ናቸው።

ትንሽ ልቅረብ አልኩ። ከሣር ጉብታ ወደ ሣር ጉብታ እየረገጥኩ ገባሁ። ቀጥሎ ለምለም ሣር ነበር፤ ደልዳላ መስክ ይመስላል። ረገጥኩት። መሬት የለውም።

እስከ ጉልበቴ ገባሁ። አንዱን እግሬን ለማውጣት ስታገል ሌላው ወረደ። ከዚያ እስከ ጭኔ፣ ከዚያ እስከ ወገቤ። የሚገርመኝ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ አንሥቼ ካሜራውን ከጭቃ እየጠበቅሁ ነበር። እኔ እየሰመጥኩ ካሜራው እንዳይርስ!

ጮህኩ። ወፎቹ ተነሥተው ሄዱ። ደጋግሜ ጮህኩ። ድምፄ ተዘጋ። ጭቃው ይቀዘቅዛል፤ ፀሐዩ ግን አናቴን ያቃጥለኛል። ሁሉን ልናገር ካልኩ ይህንንም ልናገር፤ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ የመጣው ድካም ነው። ማጡ እንደ አልጋ ያዘኝ። "በቃ፣ እንግዲህ ልረፍ" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ዛሬም ሳስበው ከጭቃው ይልቅ ያ ሐሳብ ያስፈራኛል።

ፀሐዩ ከፍ ካለ በኋላ የሰው ድምፅ ሰማሁ። በጨፌው ዳር በምታልፈው የእግር መንገድ ላይ ሰዎች በጥድፊያ ይሄዳሉ። ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ "የሰው ያለህ!" አልኩ። ቆሙ። ሲዞሩ ነው ቃሬዛ መሸከማቸውን ያየሁት። በቃሬዛው ላይ በጋቢ የተሸፈነ ሰው ተኝቷል።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አልኩ እዚያው ማጥ ውስጥ ሆኜ።

ቃሬዛውን ከፊት በኩል የያዘው ጎልማሳ መለሰልኝ። "ባለቤቴ ናት። ምጥ ጠንቶባት ወደ ሆስፒታል ነን።" አምቡላንስ እንዳይመጣ መንገዱ ዝግ ነበር።

"ሂዱ! እኔን ተዉኝ፣ ሂዱ!" አልኩ። ቃሬዛውን ቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ አልጣራም ነበር።

ከመካከላቸው አንድ ሸበቶ ሽማግሌ "ሁለት ሰው ይቅርላቸውና እኛ እንቀጥል" አሉ። ሌላው "ሁለት ከቀረ ዳገቱን ማን ይሸከማል?" አለ። ባልየው አንማው ይባላል። አንዴ እኔን፣ አንዴ ቃሬዛውን ያያል። ፊቱን አልረሳውም። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንድሞት አልፈለገም። እዚያ ባልኖር ግን ደስ ይለው ነበር።

ያኔ ጋቢው ተገለጠ። "ምንድን ነው የቆማችሁት?" አለች ሴትዮዋ።

"ሰው ማጥ ይዞት ነው፣ አዝመራ" አላት አንማው።

ቀና ብላ አየችኝ። ላቧ በፊቷ ይወርዳል። "አውርዱኝ" አለች።

"አንቺን እንዴት..."

"አውርዱኝ አልኩ! አሁን ጋብ ብሎልኛል። ቃሬዛውን ዘርጉላቸውና አውጧቸው።"

ማንም አልተከራከራትም። ነጠላ አንጥፈው መሬት ላይ አሳረፏት። ቃሬዛውን አምጥተው በማጡ ላይ እንደ ድልድይ አጋደሙት። አንማው በሆዱ ተሳበበትና እጁን ዘረጋልኝ።

"አባቴ፣ ያንን ይልቀቁትና እጄን ይያዙ።"

ካሜራውን ለቀቅሁ። ጭቃው ዋጠው። ከኋላ የእሱን እግር ይዘው ሲጎትቱ፣ እሱ እኔን ሲጎትት፣ አንድ እጄ ቃሬዛው ላይ ደረሰ። ጫማዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። በዚያ መካከል ከኋላችን የአዝመራ ጩኸት ተሰማ። ምጡ ተመልሶባት ነበር። አንማው እጄን ሳይለቅ ዓይኑን ጨፈነ።

ቃሬዛውን በውኃ ለቅለቅ አድርገው፣ ሣር ጎዝጉዘው፣ መልሰው አስተኟት። እኔን "እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ" ብለው ሮጡ። ቀስ ብዬ መምጣት አልቻልኩም። በባዶ እግሬ፣ ከእግር እስከ ደረት ጭቃ ለብሼ ተከተልኳቸው። ዳገቱ ላይ ደርሼባቸው አንዱ ትከሻ ሲቀይር ገባሁ። "ተዉ አባቴ" ሲሉኝ አልሰማሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የጫንኩት በሞተር ነው። የሰው ክብደት ትከሻ ላይ ምን እንደሚመስል አላውቅም ኖሯል። ብዙም ሳልሄድ ደከምኩና አስወጡኝ። ከተማ ገብተን ባጃጅ ብንፈልግ አንድም የለም። እንደተሸከሙ ሆስፒታል አደረሷት።

እኔ ከውጭ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጭቃው በላዬ ላይ ደረቀ። ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ። ለእኔ የባከነው ጊዜ ለእሷ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልሂድ? ሸበቶው ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "እሷን ምጥ፣ እርስዎን ማጥ። ፈጣሪ ባንድ ቀን ሁለታችሁን ያዛችሁ" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅኔያቸውን አደንቅ ነበር።

አዋላጇ የወጣችው ከቀትር በኋላ ነው። "ሴት ልጅ ናት። ሳታለቅስ ቆይታ ነበር፣ አሁን አልቅሳለች። እናቲቱ ብዙ ደም ፈስሷታል፤ ግን ደህና ትሆናለች" አለች። ከዚያ የእኔን መልክ አይታ "እኒህስ?" ብላ ጠየቀች።

አንማው ዘወር ብሎ አየኝ። "ቤተሰብ ናቸው" አላት።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እህቴ ቤት ስደርስ የሰማሁትን ቁጣ አልጽፈውም።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ልጄ ስለ ካሜራው አንድ ቃል አልተናገረችም። አሁን ውኃ ዳር ስሄድ በባዶ እጄ ነው። ደረቁ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ድካሙ እንዳለ ነው። "ልረፍ" የሚለው ሐሳብ ግን ሲመጣብኝ ተነሥቼ እራመዳለሁ።

ለልጅቷ ክርስትና ጠሩኝ። አዝመራ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ጠይም፣ ሳቂታ፣ ወጣት ናት። እንግዳው ሲበላ ቀረብ ብዬ ያንን ሁሉ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ጠየቅኋት።

"ልጄ፣ ለምን አልፋችሁኝ አልሄዳችሁም? ያ ጊዜ እኮ የአንቺ ነበር። ልጅቷ ሳታለቅስ የቆየችው በእኔ ቢሆንስ?"

ሳቅ አለች።

"እውነቱን ልንገርዎ አባቴ? ወንዶቹ እየሮጡ ሲያንገላቱኝ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። አውርዱኝ ብል ማን ይሰማኛል? እርስዎ ሲጣሩ 'እሰይ፣ መውረጃ አገኘሁ' አልኩ። ያሳረፉኝ እርስዎ ነዎት።"

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። አንማውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እውነቷን ይሁን፣ ወይስ እኔን ለማሳረፍ ያለችው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ደግሜም አልጠየቅኋት።