የቀኝ ክንፍ

የእህቴን ባል ዜኖን ፕሉታን በከተማችን በሃምትራምክ ያለ ፖላንዳዊ ሁሉ «መኪና ፈጣሪው» ይለው ነበር። እኔ ግን ጭቃ ጠፍጣፊ ነበር የምለው። «አንተስ ምንድን ነህ?» ይለኝ ነበር፤ እኔም ከሱ አጠገብ ቆሜ ያንኑ ጭቃ ስጠፈጥፍ ነው የኖርኩት።

ዜኖን ከመኪና በፊት ቅዱሳን ይሠራ ነበር። ጆሴፍ ካምፓው ጎዳና ላይ ለቤተክርስቲያን የጄሶ ሐውልት የሚያወጣ ቤት ውስጥ፣ የማርያምን ቀሚስ እጥፋት እንደሱ አድርጎ የሚያወርድ አልነበረም። ከዚያ የመኪና ኩባንያው እጁ የተባረከ ሰው ሲፈልግ ወሰደው። ያኔ መኪና እንደ ዳቦ ክብ ነበር። የዓለም ጦርነቱ ሲያበቃ የኛ ነዳፊዎች የተዋጊ አውሮፕላን ጭራ አይተው ልባቸው ሸፈተ፤ መጀመሪያ ከኋላ ፓራፋንጎ ላይ ትንሽ እብጠት አወጡ፣ በየዓመቱ ከፍ አደረጓት፣ ከፍ አደረጓት፣ በመጨረሻ ክንፍ ሆነች። ሾጣጣ፣ ጫፏ በኒኬል የተለበጠ። ያቺን ክንፍ በጭቃ ያወጣት ዜኖን ነው። ሮዝ ቀለም የተቀባችውን መኪና ራሱ ገዝቶ ደጁ ላይ ሲያቆማት፣ እህቴ ብሮኒያ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«ዜኖን፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ አሳ?»

«አርፈሽ ግቢ» አላት፤ በደስታ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

የኛን ሥራ የማያውቅ ሰው፣ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት የመኪናው ናሙና ሙሉውን በጭቃ የሚሠራ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ግማሹ ነው የሚሠራው። ሰም የገባበትን ጭቃ ምድጃ ውስጥ እናሞቃለን፣ አዳራሹ ድኝ ድኝ ይሸታል፣ በእንጨት አጥንት ላይ እየለጠፍን የግራውን ጎን ብቻ እናወጣለን። መኪናው ለሁለት በሚከፈልበት መስመር ላይ ግድግዳ የሚያክል መስተዋት እናቆማለን፤ የቀኙን ጎን መስተዋቱ ይሞላዋል። አለቆች ሲመጡ የሚያዩት ሙሉ መኪና ነው። ከወደዱት ቀኙ ከግራው ልኬት ተገልብጦ ለፋብሪካ ይሄዳል።

ብሮኒያ የሞተችው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት፣ በቅበላ ማክሰኞ ነው። ሃምትራምክ በዚያ ቀን ሳይነጋ ፖንችኪ ለሚባለው በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ይሰለፋል፤ እሷም ተሰልፋ አንድ ካርቶን ገዝታ ተመለሰች። ለኔ ቤት የሚደርሰውን ለይታ ከመኪናው ኋላ ልትጭን ወጣች። በረዶው መስታወት ሆኖ ነበር። ጎንበስ እንዳለች እግሯ ከዳት፤ የቀኙ ክንፍ ጫፍ አንገቷ ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር ገባ። ዜኖን መስኮቱ ጋ ቆሞ ክራባቱን ያስር ነበር። አምቡላንስ ሲደርስ ፖንችኪው በረዶው ላይ ተበትኖ፣ እሱ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጦ ነበር። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናታችንን አላስታውሳትም።

አክስታችን ሊዮካዲያ ወግ አጥባቂ ናት፤ ነፍስ መንገዷን እንዳትስት ብላ የቤቱን መስተዋት ሁሉ በአንሶላ ሸፈነች። ከቀብር መልስ አንሶላውን ልታነሳ ስትል ዜኖን እጇን ያዘ።

«አክስቴ፣ አንዱን ረስተሻል።»

«የቱን? መታጠቢያ ቤት ያለውን እንኳ በእጄ ነው የሸፈንኩት።»

«ሥራ ቦታዬ ያለውን።»

አክስቴ አማተበች። እኔ ሐዘን ነው የሚያናግረው ብዬ አለፍኩት።

ዜኖን ሥራ ሲመለስ ጀርባውን ለመስተዋቱ ሰጠ። ዕቃ ማንሳት ቢኖርበት እንኳ ወደ ኋላ ይራመዳል እንጂ ፊቱን አያዞርም። ያኔ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚወጣውን ሞዴል ይዘን ነበር፤ ክንፉም ከቀድሞው የባሰ ነበር። ዜኖን ጫፉን እንደ አውራ ጣት ድፍን አድርጎ ተወው። አለቃችን ሚስተር ፕሪዊት መጥቶ በጥፍሩ ነካው።

«ምንድን ነው ይሄ? ድንች ነው?»

«እንዲህ ይሻላል፣ ጌታዬ።»

«የሚሻለውን የምነግርህ እኔ ነኝ። ሐሙስ ትልልቆቹ አለቆች ይመጣሉ። ወይ ሥዕሉ ላይ እንዳለው ታሾለዋለህ፣ ወይ ዕቃህን ትሰበስባለህ።»

ዜኖን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ማን ይቀጥረዋል? ጄሶ ቤቱም ከተዘጋ ቆይቷል። ምሳ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አሹለውና ተገላገል» አልኩት።

«ፌሊክስ፣ ግራውን እኔ ሠራሁት። ቀኙን ማን ሠራው?»

«ማንም አልሠራውም። መስተዋት ነው።»

«እሷ ደግሞ በቀኙ ነው የሞተችው» አለ፤ ዳቦውን ሳይነካ ጠቀለለው። «እዚያ ውስጥ ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብላ አለች። እዚህ በኩል በሞረድኩት ቁጥር፣ እዚያ በኩል ወደ አንገቷ ይጠጋል።»

«ተው! እህቴ መቃብሯ ውስጥ ናት። እዚህ አታምጣብኝ!»

ጮህኩበት። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን እኔም መስተዋቱን በደንብ ማየት አቃተኝ። መስተዋቱ ውስጥ የቀኙን መብራት በዓይኔ ልለካ ቀና ስል ጀርባዬን ይበርደኛል። ሳላስበው ከመኪናው ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ዞሬ ማለፍ ጀመርኩ፤ ሰው የቆመበት ይመስል።

ረቡዕ ዜኖን አሾለው። እጁ መጥፎ ሥራ አያውቅምና ቁጭ ያለ ቆንጆ አድርጎ አወጣው፤ ከፓራፋንጎው ተነስቶ አንድም ቦታ ሳይሰበር ጫፉ ላይ የሚያልቅ መስመር። ጠላሁት። ክንፉንም እሱንም ጠላሁ፤ እህቴን ለደመወዝ ሸጣት ብዬ ሳላናግረው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ ጭቃውን ቀለም የመሰለ ስስ ላስቲክ አለበስነው፤ ጫፉን ብርማ። ትልልቆቹ ኮፍያቸውን ይዘው ገቡ። ሁሉም ወደ መስተዋቱ ዞረው ሙሉውን መኪና አዩ፣ አንዱ አፏጨ። ሚስተር ፕሪዊት ደስ ብሎት ቁመቱ እንዲታይ ብሎ ከጸሐፊዎቹ አንዷን፣ ሚስ ላቨርንን፣ ጠራት።

«ከኋላ ቁሚ። እንደሱ። አሁን ዕቃ እንደምትጭኚ ጎንበስ በይ።»

ልጅቷ እየሳቀች ጎንበስ አለች።

«ጠጋ በይ እንጂ፣ አይነክስሽም!»

ጠጋች። የክንፉ ጫፍ ከጆሮዋ ሥር ደረሰ። መስተዋቱ ውስጥ ደግሞ ፊቷ የማይታይ አንዲት ሴት በቀኙ ክንፍ በኩል ጎንበስ ብላ ነበር። ሰዎቹ ይስቃሉ። እኔ ጠረጴዛ ያዝኩ።

ዜኖን ጀርባውን ለመስተዋቱ እንደሰጠ፣ መላጊያውን ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» አላት።

ፈቀቅ አለች። ብርማውን ላስቲክ ገፎ ጣለና ክንፉን ይልገው ጀመር። አልቸኮለም። ረጃጅም የጭቃ ልጥ እየወጣ እግሩ ሥር ወደቀ።

«ሰውዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለ ሚስተር ፕሪዊት። «ያዙት! ፌሊክስ፣ ያዘው!»

ሄድኩ። ልይዘው ነበር የሄድኩት፤ አጠገቡ ስደርስ ግን በሱና በሰዎቹ መካከል ቆምኩ፣ አንድም ሰው አላሳለፍኩም። ዜኖን ፓራፋንጎው ልሙጥ እስኪሆን ላገው፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ መላጊያውን አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል ጠየቀኝ።

«የወዲያኛው ክንፍስ?»

መስተዋቱን አየሁ። ከመኪናው ኋላ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

«እሱም ወርዷል» አልኩት።