ያልጠቆረው በርበሬ

እፀገነት ጎንደር የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ካርቱም መጥታ ዐማራት በሚባል ሰፈር የሰው ቤት ትጠርግ ነበር። ምን ታድርግ፣ እንጀራ ነው! አርብ አርብ ግን እረፍቷ ስለሆነ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍራ እኛ ሰፈር ሐጅ ዩሱፍ ትመጣና የኛን ልጆች በነፃ ታስተምር ነበር። "ሰርኬ፣ ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ አርብ ብቻ ነው" ብላኛለች።

የምታስተምርበት ክፍል የሻምበል ነበር። ሻምበል የሰፈሩ ባለሱቅ፣ የእድራችን ዳኛ፤ በርበሬ በመተማ በኩል የሚያስመጣልን እሱ፣ ኢቃማ፣ ያቺን የመኖሪያ ወረቀት፣ የሚያስጨርስልንም እሱ። ድሮ ጋሼ፣ አንቱ እለው ነበር። ትቻለሁ።

የእፀገነት ላቦራቶሪ ባዶ የጃም ብርጭቆና አንድ የጋዝ ምድጃ ነው። አንድ አርብ "ከየቤታችሁ ጥቂት በርበሬና ማንኪያ ይዛችሁ ኑ፤ የየእናታችሁን ሙያ እንፈትናለን" አለቻቸው። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ሰባት ቤት ሰባት ዓይነት በርበሬ አለ። ካርቱም ማን ያስፈጫል? ሁላችንም ከሻምበል ነበር የምንገዛው።

ሰባቱ ልጆች በርበሬውን በውኃ በጠበጡ፤ ከሥር የዘቀጠውን በማንኪያ አውጥተው እሳት ላይ ያዙት። "ምግብ ከሆነ ከስሎ ይጠቁራል" አለች። ጭሱ ሲያበቃ ግን በሰባቱም ማንኪያ ላይ ቀይ አፈር ቀረ። ጡብ ነው! የተፈጨ ጡብ ስናበላቸው ኖረናል!

ልጄ ሜሮን "ዋላሂ፣ የሁላችንም ከጋሽ ሻምበል ሱቅ ነው!" ብላ ጮኸች። እፀገነት ደነገጠች። ቢሆንም "ያየነውን እንጽፋለን" አለችና አጻፈቻቸው።

እሑድ የእድሩ ሰዎች እዚያው ክፍል ተሰበሰብን፤ እፀገነትም ከሥራዋ አስፈቅዳ መጣች። ሻምበል የበርበሬውን ነገር ጭራሽ አላነሳም። "ቤቴን ሰጥቼ ስሜን ታጠፋለች? ትሂድ የምትሉ፣ ያላ፣ እጃችሁን አውጡ!" አለ።

እኔ ሰርካለም በምላሴ የምታማ ሰው አይደለሁም። ከፖሊስ ጋር ሳይቀር ተሰዳድቤያለሁ። ያን ሳምንት ግን ኢቃማዬ በሻምበል እጅ ነበር። እጄን አወጣሁ። ሁላችንም አወጣን፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

እፀገነት ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ ጠቀለለች። ስትወጣ እኔ ጋ ቆም አለችና ማንኪያ ሰጠችኝ። "የሜሮን ነው፤ አጥቤዋለሁ" አለችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ኢቃማው ተጨረሰልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ፈነዳ፤ ያን ወረቀት አሳዪ ያለኝ አንድ ሰው የለም። እፀገነት የት እንደደረሰች የሚነግረኝ አጣሁ።

ሜሮን ከዚያ ወዲህ ቀይ ወጥ አትነካም። ባለፈው ተናደድኩና "አንቺ ልጅ፣ ይኼን እኮ ራሴ ነኝ ያስፈጨሁት! ንጹሕ ነው!" አልኳት።

ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "እማ፣ እጅሽን ስታወጪ በመስኮት አይቼሻለሁ" አለችኝ።