«አብራሪ» ያልኳት ተማሪ

ይህ የገጠመኝ በጃንሆይ ዘመን፣ አስመራ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አማርኛ ሳስተምር ነው። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ፈተና የሚያርምና ለተማሪ አስተያየት የሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየሠራሁ ነው ስትለኝ ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። እኔም በጊዜዬ ሠርቼ ነበር፤ የእኔው የጎማ ማህተም ነበር እንጂ።

የተማሪዎቼ ድርሰት ክምር ነው። ያንኑ እርማት ስጽፍ እጄ ዛለ። ዓኽርያ ሰፈር ካለ ማህተም ቀራጭ ዘንድ ሄጄ «ማስረጃ ስጥ»፣ «አሳጥር»፣ «አብራራ» የሚሉ ማህተሞች አስቀረጽኩ። ከዚያ በኋላ ቸብ ቸብ ማድረግ ብቻ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ አንዷ ተማሪ «መምህር፣ እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለሴቶቹ ሌላ አስቀረጽኩ፦ «ስጪ»፣ «አሳጥሪ»፣ «አብራሪ»።

ለተብርሃን የምትባል የዚያው የአስመራ፣ የእዳጋ ሓሙስ ሰፈር ልጅ ነበረች። ከተማዋን ከአውሮፕላን መስኮት እንደሚያያት ሰው ሆና ድርሰት ጻፈች። ሐሳቧ ቆንጆ ነው፤ ግን ሁሉን ነካ ነካ አድርጋ ነው ያለፈችው። ሦስት ቦታ «አብራሪ» መታሁባት። እርማቱን አይቶ አሻሽሎ ያልመለሰ ትምህርቱን ይወድቃል። ሁሉም ሲመልሱ እሷ የለችም። የመመለሻው ቀን ነገ ያልቃል። ጎበዝ ልጅ እያየሁ ስትወድቅ አላስችል አለኝ።

ማታ ስንወጣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አገኘኋት። ጓደኞቿ «ካፒታኖ» እያሉ ያሾፉባታል።

«ለተብርሃን፣ ድርሰቱስ?» አልኳት።

«የቐንየለይ መምህር» ብላ አመሰገነችኝ። «ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አባቴ ግን ሴት ልጅ አውሮፕላን አታበርርም ብሎ ተቆጥቷል። መጥተው ቢያናግሩልኝ።»

«የምን አውሮፕላን?»

«አብራሪ ብለውኛል እኮ። አንዴ ቢሆን ቀልድ ነው እል ነበር። ሦስት ጊዜ ነው ያሉኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ዋጥኩት። ምን ይፈረድባታል? አብራሪ ሲባል እኔም ብሆን የማስበው አውሮፕላን ነው። ማህተሙ «በደንብ አስረጂ» ማለቱ እንደሆነ ስነግራት በሐፍረት ቀላች። አውቶቡሱ መጥቶ ጓደኞቿ ሲሳፈሩ እሷ ቆማ ቀረች።

«ታዲያ አባቴን በከንቱ ነው የተጣላሁት?» አለች። ይሄኔ ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን።

በማግስቱ ድርሰቱን አሻሽላ ይዛ ከተፍ አለች። የዓባ ሻውል ሰፈር ጠባብ መንገዶች፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «መምህር፣ አብራርቻለሁ። ካልበቃ አበርራለሁ።»

በጥሩ ውጤት አለፈች። እኔም ከዚያ ወዲህ ማህተም በመታሁ ቁጥር አጠገቡ አንድ መስመር በእጄ መጻፍ ለመድኩ። ዛሬም አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብዬ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አወራሁላት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አጎቴ፣ የእኔው ፕሮግራም እስካሁን ሴቱንም ወንዱንም ‹አብራራ› ነው የሚለው» አለችኝ።