የዘይት ዊንች ወይስ የባትሪ

የሺ መኪና መንዳት የጀመረችው ባሏ መንዳት ሲያቆም ነው። ከዚያ በፊት ፒያሳ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበረች። የፍሬን ሸራውን፣ ኩሽኔታውን፣ የዘይት ማጣሪያውን ገና ከሩቅ አይታ ታውቀዋለች እንጂ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ባሏ ዘርዓብሩክ ግን መኪና ውስጥ የተወለደ ነው የሚመስለው። አራቱም ጎማው የሚስብ የጭነት መኪና ነበረው፤ አምስት ኪሎ ቢሮ ላለው አንድ የውኃ ድርጅት ቧንቧና ፓምፕ እየጫነ አስፋልት ወደማያውቃቸው ወረዳዎች ይሄድ ነበር።

እንዲህ ላለ መንገድ ዊንች ግድ ነው። ከመኪናው ፊት፣ ከፓራውልቱ በላይ ይታሰራል። ጭቃ መኪናውን ሲውጠው ካቦ የሚባለው የብረት ገመዱ ተጎትቶ ከዛፍ ላይ ይታሰርና ማሽኑ ካቦውን መልሶ ሲጠቀልል መኪናው ራሱን በራሱ ጎትቶ ይወጣል። የዘርዓብሩክ ዊንች በዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው።

አንድ ክረምት ኢሉባቦር ውስጥ ወንዝ ሲያቋርጥ ሙላት ደረሰበት። ሞተሩ ውኃ ጠጣና ጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ዊንቹም አብሮ ዝም አለ። ከቅርብ እርሻ የመጣ ትራክተር በአሮጌ ካቦ ሊጎትተው ሲሞክር ካቦው ተበጠሰና እንደ አለንጋ ተወርውሮ የዘርዓብሩክን ግራ እግር ከጉልበቱ መታው። እግሩ ከመቆረጥ ተረፈ፤ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። ፍሪሲዮን የሚረግጠው ደግሞ ያው እግር ነው።

መኪናው ከወንዝ ወጥቶ፣ ሞተሩ ታድሶ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዝቅ ብሎ ያለ ጋራዥ ውስጥ ቆመ። ዘርዓብሩክም ጊዮርጊስ ጀርባ ያለው ቤታቸው ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ገዢዎች ሲመጡ ሰላም ይላቸውና አልሸጥም ብሎ ይሸኛቸዋል። አልሸጠው፣ አልነዳው።

አንድ እሑድ የሺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «የጭነት መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው» አለችው።

ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ከጎኗ ተቀምጦ፣ እግሩን እንደ እንጨት ዘርግቶ፣ «ፍሪሲዮኑን አትደብድቢው፣ እያባበልሽ ልቀቂው» እያለ ያስተምራት ጀመር። የፒያሳ ልጆች አላለፏትም። ሾፌሮች የሚሰበሰቡበት ካፌ ባንኮኒ ላይ ማኪያቶዋን ስትጠጣ አንዱ፣ «ስሟ የሺ አይደል? ለሺ ወንድ ትበቃለች!» ሲል ሌላው፣ «ለሺው አይደለም፣ ለዳገቱ ትብቃ እንጂ» ብሎ ያስቃል። አብራ ትስቃለች። ዳገቱን እንደሆነ ወጣችው፤ ፈቃዱንም አገኘች።

የውኃ ድርጅቱን ጭነት የምትመድበው ሔርሜላ የዘርዓብሩክን ሥራ ታውቅ ስለነበር ሥራውን ለየሺ ለመስጠት አላመነታችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ብቻ መኪናው ዊንች ይኑረው። ሰው መንገድ ላይ ቀርቶብን ያውቃል።»

የድሮው ዊንች ወንዙ ውስጥ ፓምፑ አሸዋ ጠጥቶ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ጋራዡ ወረዱ። ባለቤቱ ጋሽ አጥናፉ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የማያረዝሙ ሰው ናቸው።

«ሁለት ዓይነት ነው» አሏት። «የዘይቱ ሞተር እስካልጠፋ ድረስ ቀኑን ሙሉ ቢስብ አይደክመውም፤ ውኃም አያስፈራውም። ግን ፓምፕ አለው፣ ዘይት የሚያመላልስ የጎማ ቱቦ አለው፣ መግጠሙም ጣጣ ነው። ሞተር ከጠፋ ደግሞ ተራ ብረት ነው። የባትሪው ለመግጠም ቀላል ነው፤ ሞተር ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ትንሽ ይስብልሻል። ነገር ግን ቶሎ ይግላል። ካላሳረፍሽው ይቃጠላል፣ ባትሪሽንም ይጨርሰዋል።»

«የዘይቱን ይግጠሙልን» አለ ዘርዓብሩክ።

«የባትሪውን ነው የምፈልገው» አለች የሺ።

ጋሽ አጥናፉ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩና፣ «እናንተ ቤታችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቤት ገብተው ተነጋገሩ። ከአደጋው ወዲህ ስለዚያ ወንዝ በደንብ አውርተው አያውቁም ነበር።

«አሥራ ምናምን ዓመት በዘይት ዊንች ሠርቻለሁ» አለ። «አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።»

«በዚያን ቀንስ?»

«በዚያን ቀን ጥፋቱ የትራክተሩ ካቦ ነው። የዛገ ካቦ ነበር፤ እያየሁት ዝም አልኩ።»

«ትራክተሩ ለምን መጣ?»

እግሩን በእጁ አንስቶ ወንበሩ ላይ አስተካከለ።

«ሞተርህ ጠፍቶ ዊንቹ እምቢ ስላለ ነው የመጣው። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ የሚስብልህ ነገር ቢኖር ኖሮ የሰው ካቦ አትለምንም ነበር። እኔ የምፈራው ያቺን ሰዓት ነው፣ ዘሩ። መኪና ውስጥ የምቀመጠው ብቻዬን ነው።»

«የሺ፣ ወንዝ አንዴ ነው። ጭቃ ግን በየቀኑ ነው። ባትሪ ጭቃ ላይ ያለቅስብሻል።»

«በየቀኑ የሚመጣውን እችለዋለሁ። የምፈራው አንዴ የሚመጣውን ነው።»

ተኮራርፈው አደሩ። በማግስቱ እሷ ሱቅ ስትሄድ ዘርዓብሩክ ከዘራውን ይዞ ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። በጣም አስቸገረው። ጋራዥ ሲደርስ በላብ ተጠምቆ ነበር።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ተስማምተናል። የዘይቱን ይግጠሙት።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩት። «የሚነዳው ማነው?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲያው እሷ መጥታ ትንገረኝ። አይክፋህ ልጄ፤ ጭቃ ውስጥ የምትወርደው እሷ ናት።»

ከፋው። ለየሺ ሲነግራት ግን ምንም አልደበቀም፤ ሄዶ እንዳዘዘ፣ እንዳልተቀበሉትም ነገራት። ትቆጣለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እሷ ግን፣ «ያን ቁልቁለት ብቻህን ወረድከው?» አለችና እግሩን በሞቀ ውኃ ታሽለት ጀመር። የባትሪው ዊንች ተገጠመ። ዘርዓብሩክ ሊያየው አልሄደም።

መስከረም ላይ ዝናቡ ገና ሳያባራ የመጀመሪያ ጭነቷ ደረሰ፤ ከጅማ አልፎ ለሚገኝ አንድ ቀበሌ ፓምፕና ቧንቧ። አስፋልቱን በደህና ጨረሰችው። ጥርጊያ መንገዱ ግን ተቆራርጦ ነበር። አንድ ጎድጓዳ ላይ መኪናው እስከ ጎማዎቹ ዘንግ ሰመጠ።

ወርዳ ካቦውን ከወይራ ግንድ ላይ አሰረችና ሳበች። መኪናው ተነቃነቀ፣ ትንሽ ወጣ። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። የዊንቹን መሳቢያ ቁልፍ ለቀቀች። የዊንቹን ሞተር በእጇ ብትነካው አላስነካ አላት። የመኪናው ሞተር ግን ያለምንም ሐሳብ ድርር ይላል፤ ውኃ አልነካው፣ ምን አልነካው። ዘርዓብሩክ ያለው ሁሉ ቃል በቃል ደረሰ። ያን ጊዜ የዘይቱ ቢሆን ኖሮ ሳያርፍ ጎትቶ ያወጣት ነበር።

መንገዱ ዳር ቤቷ ያለ ነጂባ የምትባል ሴት የተቀቀለ በቆሎ ይዛ መጣች። ሴት ሾፌር ስታይ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ሳታፍር ዙሪያዋን አየቻት።

«ለምን ቆመሽ ታያለሽ? አይስብም?» አለቻት።

«ይስባል። ግን ሲግል ማረፍ አለበት።»

«እንደኛው ነዋ» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች።

የሺም አብራት ቁጭ ብላ አሰበች። ጋሽ አጥናፉ መሣሪያ ሣጥኗ ውስጥ በከራ ከተውላት ነበር፤ ካቦው በውስጡ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ ሸክሙን ለሁለት የሚከፍል። በከራውን ከዛፉ ላይ አስራ፣ ካቦውን አዙራ መልሳ ከመኪናው ጋር አያያዘችው። አሁን ቀስ ይላል እንጂ ዊንቹ እንደ ቅድሙ አልተጨነቀም። ትንሽ ትስባለች፣ ታሳርፋለች። በእጇ ትነካዋለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትስባለች። እዚያ የደረሰችው ጠዋት ነው፤ ጎማው ጠንካራ መሬት ሲረግጥ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ነጂባ እልል አለችላት። የሺ መሪው ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች። ደስታ ይሁን ድካም አላወቀችውም።

ፓምፑን አድርሳ ተመለሰች። ዘርዓብሩክ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የጠበቃት።

«እህ? እንዴት ነበር?»

ደህና ነበር ብትለው ማንም አያውቅባትም። ጫማዋን እያወለቀች፣ «ዊንቹ ጋለብኝ» አለችው። «አንተ እንዳልከው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልኩ።»

«ሞተሩስ?»

«አንዴም አልጠፋ።»

«እንግዲህ የዘይቱ ይሻል ነበር ማለት ነው።»

«ለዚያ ጭቃ፣ አዎ። ይሻል ነበር።»

ይህችን ቃል ከክረምት ጀምሮ ሲጠብቃት ቆይቷል። አሁን ስትመጣለት ግን አልጣፈጠችውም። የየሺን መዳፎች አየ፤ ካቦው ልጧቸዋል።

«ለምን ነገርሽኝ?» አላት። «ብትተዪው አላውቅም ነበር።»

«መንገዱን ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው?»

ዘርዓብሩክ ወንበሩን ሳበና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«በከራውን የት አሰርሽው?»

ነገረችው። «ግንዱን ምን አለበስሽው? ካቦ በባዶ ግንድ አይታሰርም፣ ዛፉንም ይገድላል፣ ካቦውንም ይበላል።» ማዳበሪያ ጆንያ እንደጠቀለለችበት ነገረችው። «ጎበዝ። ስትስቢስ ሞተሩን አስነስተሽ ነው? ዲናሞው ባትሪውን ይሞላልሻል።» አስነስታ ነበር። ጥያቄው አላለቀም፤ እሷም መልስ አላለቀባትም። ራታቸው ቀዘቀዘ። አደጋው ከደረሰ ጀምሮ እንዲህ በአንድ ነገር ላይ ተጠምደው አውርተው አያውቁም ነበር።

«ታዲያ ትቀይሪዋለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«አልቀይረውም። ወንዙ ገና አልመጣም።»

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ይሁን እምቢ አልለየም።

በማግስቱ ጋራዥ ሄዶ ዊንቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካና ጋሽ አጥናፉን የጋቢናውን ወንበር ወደ ኋላ እንዲገፉለት ለመናቸው፤ እግሩ እንዲዘረጋ።

ለሚቀጥለው ጭነት አብረው ወጡ። የሰመጡት ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። እሷ የዊንቹን ቁልፍ ይዛ፣ እሱ ሲጋራውን ለኩሶ ከካቦው ርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ።

«በቃ፣ አሳርፊው!»

«ገና ነው፣ አልጋለም።»

«ሸተተኝ እኮ የሺ!»

«የሸተተህ የራስህ ሲጋራ ነው» አለችውና መሳቧን ቀጠለች።